የአንድ ዳዶ ልክ፦ የኩሽኔታ አጠባበቅ ሙያ በደሴና በኮምቦልቻ መንገድ



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእሰ ጉዳይ ለታሪክ መድረክ እጅግ ጠባብ መስሎ ሊታይ ይችላል። የመኪና መንኰራኵር በዘንጉ ላይ ሲታሰር ኩሽኔታው ምን ያህል መጥበቅ አለበት? ጥያቄው ይህ ብቻ ነው። በሜካኒካል ምህንድስና መጽሐፍ ውስጥ ከሁለት ገጽ በላይ አይወስድም። በእኛ አገር ግን ይህ ጥያቄ ሰማንያ ዓመት የሚያልፍ ታሪክ አለው። ያ ታሪክ በወረቀት ላይ እምብዛም አልሰፈረም፤ የተጻፈው በቃላት ውስጥና በሰዎች እጅ ላይ ነው። ለምን ደሴንና ኮምቦልቻን መረጥህ ለሚለኝ መልሴ መንገዱ ነው።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,900 ሜትር በታች ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ600 ሜትር የማያንሰው ቁልቁለት ግን በመንገዱ ሁሉ እኩል የተከፋፈለ አይደለም፤ የሐረጎን ጥምዝምዝ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። ስሌቱን ለተማሪዎቻችን ልተወው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ለኋላው ነገር መሠረት ስለሚሆን እነሆ። 20 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ 118 ሜጋ ጁል ይደርሳል። ይህ 20 ዲግሪ ላይ ያለ 350 ሊትር ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ከፊሉን ሞተሩ በከባድ ማርሽ ይይዘዋል፤ ከፊሉን ነፋሱና የጎማው መንከባለል ይበሉታል። የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ የሚያርፈው በፍሬኑ ታምቡር ላይ ነው። ታምቡሩ ደግሞ ከኩሽኔታው ጋር በአንድ ሞዞ ላይ የታሰረ ጎረቤት ነው። እንግዲህ ሾፌሩ ፍሬን በረገጠ ቁጥር ለኩሽኔታው እሳት ያነድለታል ማለት ነው።

ወሎ ከባድ መንኰራኵርን ያወቀችው ከመኪና በፊት መሆኑን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ መቅደላ የተጓዘው በመንኰራኵር ላይ ነው። ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ነበር። ጉዞው በ1860 ዓ.ም. መባቻ አካባቢ ተጀምሮ እስከዚያው ዓመት መጋቢት ድረስ፣ ማለትም ግማሽ ዓመት ገደማ፣ ፈጅቷል። ጅዳንና በሽሎን የመሰሉ ሸለቆዎች መሻገር ነበረበት፤ መንገድ አልነበረምና መንገዱ ከፊት ከፊት እየተቈፈረ፣ መድፉ ከኋላ እየተጎተተ ነበር። ስለዚህ ጉዞ ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚነሣው የንጉሡ ጽናትና የጎታቾቹ ብዛት ነው። እኔ ግን ስለ ዘንጉ አስባለሁ። በዚያ ዘመን በዓለም ሁሉ የከባድ ሠረገላ መንኰራኵር የሚዞረው ዘንጉ ቀዳዳውን እየፋተገ ነው፤ ሰበቃውን የሚያቀለው የተቀባው ስብ ብቻ ነበር። የጎታቹ ጉልበት በዳገቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ መንኰራኵር እምብርት ውስጥም ያልቅ ነበር። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው አምባ ማርያም ላይ አለ።

ሰበቃን ወደ መንከባለል የለወጠው ኩሽኔታ ነው። ሐሳቡ ጥንታዊ ቢሆንም ለእኛ ርእስ የሚያስፈልገው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ሾጣጣ ሮለር ያለው። ይህን በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያስመዘገቡት በሴንት ሉዊስ ከተማ ሠረገላ ሠሪ የነበሩት ሄንሪ ቲምከንና ዘመዳቸው ሬጂናልድ ሃይንዝልማን ናቸው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1898 ነበር። ፈጣሪው ሠረገላ ሠሪ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። ብይ ያለው ኩሽኔታ ቀጥ ብሎ ከላይ የሚመጣን ሸክም በደንብ ይሸከማል፤ ሠረገላው ኩርባ ሲዞር ግን ሸክሙ ወደ ጎን ይገፋል፤ ያኔ ብዩ ይቸገራል። ሮለሩ ሾጣጣ ሲሆንና ሁለቱ ኩሽኔታዎች ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው ሲቀመጡ፣ ከላይ የሚመጣውንም ከጎን የሚመጣውንም ይችሉታል። ሐረጎ ደግሞ ከኩርባ በቀር ምን አለው?

ይሁን እንጂ ሾጣጣው ሮለር አንድ ዕዳ ይዞ መጣ። ብይ ያለው ኩሽኔታ በብዙው ከፋብሪካ ሲወጣ ልኩ የተወሰነ ነው። የሾጣጣውን ልክ ግን የሚወስነው የሚያስረው ሰው ነው። ዳዶው በጠበቀ ቁጥር ሾጣጣው ወደ ውጭው ቀለበት ይበልጥ ይገባል፤ በላላ ቁጥር ይወጣል። በመካከል የቀረ ክፍተት ካለ መንኰራኵሩ ይወላውላል። ክፍተቱ አልቆ ሮለሮቹ ገና መኪናው ሳይጫንባቸው እርስ በርስ መጨናነቅ ሲጀምሩ ምህንድስናው ቅድመ ጫና ይለዋል። ቃሉን የፈጠርሁት እኔ አይደለሁም፤ በክፍል ውስጥ መምህራን የሚጠቀሙበት ትርጉም ነው፤ በጋራዥ ግን ሰምቼው አላውቅም። በጋራዥ ያለው ቃል «ልኩን ያዘ» ነው። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ ትክክል እንደ ሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በጣሊያን አገር እ.ኤ.አ. በ1906 ቪላር ፔሮዛ በተባለች መንደር ሪቭ የተባለ የኩሽኔታ ፋብሪካ ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ የፊያት መሥራች የሆኑት ጆቫኒ አኜሊ ነበሩ። ከ30 ዓመት በኋላ የፊያት መኪና ወሎ ሲገባ ከዚህ ፋብሪካ ጋር የተያያዘው የኢንዱስትሪ ዓለም ሁሉ አብሮ ገባ። አመጣጡ ግን በወዳጅነት አልነበረም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች። ሚያዝያ 7 ቀን ከተማዋ በጠላት እጅ ወደቀች። ከዚያ በኋላ የባዶሊዮ ጦር ከ1,500 በሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ወደ አዲስ አበባ ተነሣና በጣርማ በር በኩል አልፎ ሚያዝያ 27 ቀን ዋና ከተማዪቱ ገባ። አርበኞችና የአገሩ ሰዎች ጣርማ በር ላይ መንገዱን ቢሰብሩትም ጠላት ጠግኖ አለፈ። ያን ጊዜ መንገድ ተብሎ ይጠራ የነበረው ከጥርጊያ ብዙም አይሻልም ነበር፤ ዝናብም ነበር። እንግዲህ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል መንኰራኵር በወሎ ጭቃ ውስጥ ሲዞር የመጀመሪያው ነበር ማለት ይቻላል። ጭቃና ውሃ ኩሽኔታ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ለዚህ ጉባኤ መናገር አያሻኝም።

ከዚያ በኋላ ጣሊያኖች ከአስመራ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን መንገድ ሠሩ፤ የጣርማ በርን ዋሻ ቈፈሩ፤ ከአሰብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በባቲ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣውን መንገድም ዘረጉ። ኮምቦልቻ የመንገዶች መገናኛ የሆነችው ያኔ ነው። በእነዚህ መንገዶች ላይ ከሚታወቁት መኪኖች ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1931 መሠራት የጀመረው በናፍጣ የሚሠራው ፊያት 634 ነበር። ጣሊያኖቹ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ብቻ ወስደው «ትሬንታ ኳትሮ» ይሉት ነበር፤ ሾፌሮቹም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። ስሙ በእኛም አገር ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የፊያት 682 ወንድምም «ኤንትሬ» ተብሎ እስከ ዛሬ በሕይወት አለ።

ታሪክ ጸሐፊ ከሰነድ ይልቅ ቃል ይመነምናል ብሎ ያስባል። እዚህ ላይ ተቃራኒው ሆኗል። የዚያን ዘመን የጋራዥ መዝገብ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ቃላቱ ግን ዛሬ ጠዋት ከዚህ ግቢ በር ፊት ለፊት ሲነገሩ ሰምቻለሁ። ኩሽኔታ ከጣሊያንኛ ነው፤ ትርጉሙ ትንሽ ትራስ ማለት ነው። ሞዞ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጎማና ጎሚስታ፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፓራፋንጎ፣ ላሜራ፣ ቶርኖ፤ ሌላው ቀርቶ መኪና የሚለው ቃል ራሱ። ረዳቱ ዳገት ላይ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር የሚሸጉጠው ታኮም እንዲሁ። ከነዚህ መካከል የማይገኘውን ልብ በሉ። የዕቃው ስም ሁሉ ጣሊያንኛ ሲሆን የሥራው ግሥ ሁሉ አማርኛ ነው፤ ማጥበቅ፣ ማላላት፣ መፍታት፣ ማሰር፣ ልክ ማስያዝ። መሣሪያው መፍቻ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ዕቃውን የሚያዝዘው ጣሊያናዊው አለቃ ነበር፤ ሥራውን እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ግን እጃቸው ግራሶ የነካው የእኛ ልጆች ነበሩ። ማዕረጋቸው ረዳት ነበር፤ ዕውቀቱ ግን በእነርሱ እጅ አለፈ።

ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር በኮምቦልቻ በር የተደረገውን ውጊያ አሸንፎ ደሴን ያዘ። ጣሊያን ወጣ፤ ብዙ ጣሊያናዊ የእጅ ባለሙያ ግን በአገሪቱ ቀረ። እንግሊዞች ብዙ ማሽንና ተሽከርካሪ ከኢትዮጵያ አውጥተው ወስደዋል። ስለዚህ የቀረው መኪና መለዋወጫ አልነበረውም። ያረጀ ኩሽኔታ በአዲስ የሚተካበት ሳይሆን ከአንዱ መኪና ወጥቶ ለሌላው የሚገባበት ዘመን ነበር። ያገለገለ ኩሽኔታን ልክ ማስያዝ ደግሞ አዲስን ከማስያዝ ይከብዳል። ቀለበቱ ሰውነቱ ስለበላ አንድ ቦታ ላይ የጠበቀ ሌላ ቦታ ላይ ይላላል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ጠብቆ አይታመንም፤ ዙሪያውን እያዞሩ መፈተን የግድ ይሆናል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መኪናው በክሪክ ይነሣል፤ ሌሎቹ ጎማዎች በታኮ ይያዛሉ። የሞዞው ክዳን ይወልቃል፤ አሮጌው ግራሶ ይታጠባል። ሮለሮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ የሰማያዊ ቀለም ምልክት ካለ ቀድሞ በጣም ጠብቆ ሞቋል ማለት ነው። ከዚያ አዲሱ ግራሶ በመዳፍ እየተጫነ በሮለሮቹ መካከል ይሞላል፤ ከላይ ከላይ መቀባት አይበቃም። ሞዞው ይመለሳል፤ ሮንዴላው ይገባል፤ ዳዶው ይጠብቃል። እዚህ ላይ ሙያ የሌለው ሰው የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ጎማውን ሳያዞር ዳዶውን ያጠብቃል። ሾጣጣ ሮለር ቦታውን የሚይዘው እየተንከባለለ ወደ ትልቁ ጫፍ ጠርዝ ሲደገፍ ብቻ ነው። ቆሞ ከጠበቀ የያዘ ይመስላል፤ ሐረጎ አጋማሽ ላይ ሮለሮቹ ቦታቸውን ሲያገኙ ግን ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ አንድ እጅ ጎማውን እያዞረ ሌላው እጅ ያጠብቃል። ጎማው ሲከብድ ዳዶው ይመለሳል፤ እንደገና በጣት ኃይል ብቻ ይጠብቃል። በመጨረሻ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይወዘወዛል።

ምን ያህል ነው ልኩ? ለምሳሌ ለቮልስዋገን የፊት ጎማ አምራቹ ያወጣው ልክ ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊ ሜትር ክፍተት ነው። ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ያለው ስፋት 0.09 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ነው። አሁን ዳዶውን አስቡ። የጥርሱ እርምጃ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ዳዶ አንድ ዙር ሲዞር 1.5 ሚሊ ሜትር ይገባል። ስድስት መሰንጠቂያ ያለውና መቆለፊያ ሽቦው በአንድ ቀዳዳ የሚያልፍ ከሆነ ከአንዱ መሰንጠቂያ ወደ ቀጣዩ ያለው እርምጃ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። ከተፈቀደው ስፋት ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ጥቂት ነው የቀረው! ስለዚህ መሰንጠቂያው ከቀዳዳው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ወደ ፊት ጨምሮ ማጥበቅ ወይስ ወደ ኋላ ማላላት የሚለው ጥያቄ የጠቢብ ወግ አይደለም፤ የዚህ ሙያ እምብርት ነው። አንዳንዱ ፋብሪካ ሁለት ቀዳዳ በመስቀልያ በሳ፤ ሌላው ስስ ሮንዴላ በመካከል ጨመረ፤ ቮልስዋገን በመጀመሪያ ሁለት ዳዶ ከመካከላቸው የሚታጠፍ ላሜራ አድርጎ፣ ኋላም በጎን ብሎን የሚቆነጠጥ ዳዶ ሠርቶ ከመሰንጠቂያው ነጻ ወጣ።

የእኛ ባለሙያዎች መልስ ምን ነበር? ወደ ኋላ ማላላት። ይህን የተማረ ሰው እንደ ግምት ሥራ ሲቆጥረው ሰምቻለሁ። አይደለም። የሾጣጣ ኩሽኔታ ዕድሜና አጠባበቅ ያላቸው ዝምድና በሁለቱም በኩል እኩል አይደለም። ዕድሜው ከሁሉ የሚረዝመው ጥቂት ቅድመ ጫና ባለበት ነጥብ ላይ መሆኑ እውነት ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ በመሣሪያ ለሚያስር ሰው ይህ ነጥብ ያጓጓል። ከዚያ ነጥብ ወደ መላላት ስትሄዱ ግን ዕድሜው ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ወደ መጥበቅ ስትሄዱ በድንገት ይወድቃል። ኩሽኔታው ሲጠብቅ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ግራሶው ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ብረት ከብረት ይነካካል፤ ያም ይበልጥ ያሞቃል። የቀድሞው በካልሲየም ሳሙና የተሠራ ግራሶ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ቀልጦ ይፈስስ ነበር። ከአሰብ በረሃውን አቋርጦ፣ በባቲ ዐቀበት ወጥቶ፣ ከዚያ ከደሴ ሐረጎን በፍሬን የሚወርድ መኪና ወደዚያ ሙቀት ለመድረስ ብዙ አይቀረውም። በጥቂቱ የላላ ኩሽኔታ ያንኳኳል፤ ለባለቤቱ አስቀድሞ ይነግረዋል። ያለ ልክ የጠበቀ ኩሽኔታ ግን ዝም ብሎ ይነድዳል። ቁልቁለት ባለበት አገር ወደ መላላት ማድላት ከስሌቱ ጋር የሚስማማ ብልሃት ነበር።

መንግሥት ከዓለም ባንክ ባገኘው የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መባቻ ነው። መንገዱ እየተሻለ፣ ጭነቱ እየከበደ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ላይ የፊያት የጭነት መኪኖችን የሚገጣጥመው አምቼ ተቋቋመ። ይህን ሁሉ በፍጥነት አልፈዋለሁ፤ ምክንያቱም የዚህ መንገድ ትልቁ ፈተና የመጣው ከዚያ በኋላ ነውና።

በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ወደ ወሎና ወደ ትግራይ የሚሄደው የእርዳታ እህል ዋና መግቢያ አሰብ ነበር። መርከቡ ደርሶ፣ እህሉ ወደብ ላይ ተራግፎ፣ ወደ ኮረምና ወደ ሌሎቹ መጠለያዎች የሚያደርሰው መኪና መጥፋቱ የዚያ ዓመት መራራ ታሪክ አካል ነው። በዚያ ዘመን ስለ እርዳታ ስንጽፍ የምንቆጥረው ቶንን ነው። መንኰራኵርን የቆጠረ የለም። አንድ ባለ ተሳቢ ከበረሃው መካከል ሞዞው ነድዶ ሲቆም የቆመው ከአሥር ቶን በላይ ስንዴ ነው፤ ያን ስንዴ በሰልፍ የሚጠብቁት ሰዎች ቁጥር በመኪናው ሰነድ ላይ አልተጻፈም። የጋራዥ ሙያን ታሪክ ከረኃብ ታሪክ ለይቶ መጻፍ ይቻላል የሚል ሰው ከአሰብ እስከ ኮረም ያለውን ካርታ አንድ ጊዜ ቢያየው እመርጣለሁ።

ከከባዱ ወደ ቀላሉ ልሻገር። ቮልስዋገንን ቀደም ብዬ ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ የመጨረሻው እስኪወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራው ይህ መኪና በእኛ ከተሞች ብዙ ዕድሜ አለው፤ ዛሬም የሚነዳ አለ። በአሜሪካና በብራዚል ያሉ ወዳጆቹ ደግሞ ሌላ ነገር ያደርጉበታል። ወለሉን ቆርጠው ያሳጥሩትና በላዩ የፋይበር አካል አስቀምጠው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራውን የፖርሼ ስፖርት መኪና አምሳያ ያደርጉታል። ከውጭ ያየው ሰው ውድ መኪና ነው ይላል፤ ከሥሩ የሚዞረው ግን ፒያሳ የምናውቀው የቮልስ ሞዞ ነው። የሚያስገርመው፣ ፖርሼ ራሱ የመጀመሪያውን 356 እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሠራ ከቮልስዋገን ዕቃ ተነሥቶ ነበር፤ ስለዚህ አምሳያው ከአባቱ ቤት አልራቀም። የእነዚህ አምሳያ መኪኖች ባለቤቶች በጣም ከሚከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ የእኛው ጥያቄ ነው፤ ዳዶው ምን ያህል ይጥበቅ? ብዙዎቹ ኃይል የሚለካ መፍቻ ይዘው ቁጥር ይፈልጋሉ። የቮልስዋገን የራሱ የድሮ መመሪያ ግን መፍቻን አያምንም። ከዳዶው ሥር ያለውን ሮንዴላ በካቻቢቴ ጫፍ በቀላሉ ወደ ጎን ግፋው ይላል። የማይነቃነቅ ከሆነ ጠብቋል፤ ያለ ምንም ስሜት የሚሸራተት ከሆነ ላልቷል፤ ትንሽ እምቢ ብሎ ከተንቀሳቀሰ ልኩን ይዟል። እንግዲህ ጀርመናዊው መሐንዲስና የእኛው ባለሙያ ተስማምተዋል ማለት ነው፤ ሁለቱም የሚለኩት በእጅ ስሜት ነው።

በዚህ ላይ ባልደረቦቼ የሚያነሡትን ተቃውሞ አውቃለሁ። ስሜት አይጻፍም፤ የማይጻፍ ደግሞ አይፈተሽም ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ለዚህ የጃፓኖችን መንገድ እወዳለሁ። የቶዮታ ላንድክሩዘር መመሪያ ባለ ስፕሪንግ ሚዛን ከጎማው ብሎን ላይ አያይዘህ ሳብ፤ ሞዞው መዞር የሚጀምርበትን ክብደት አንብብ ይላል። ሚዛኑ ገበያ ላይ በእጅ ተንጠልጥሎ ከሚመዘንበት ብዙም አይለይም። ስሜቱ አልተሻረም፤ ቁጥር ተሰጠው እንጂ። ይህን ሚዛን በላቦራቶሪያችን ማስገባት ውድ ነገር አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአሮጌው ባለሙያ እጅ የሚወጣውን ልክ በሚዛኑ እየመዘኑ መመዝገብ ይቻላል፤ ያኔ «ልኩን ያዘ» የሚለው ቃልና «ቅድመ ጫና» የሚለው ቃል አንድ ሠንጠረዥ ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ እስካሁን ያልተዋወቁት አንድ ላይ የሚያስቀምጣቸው ሰው ስለ ጠፋ ነው።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። አብዛኛው አዲስ የቤት መኪና የሚመጣው ልኩ ከፋብሪካ በተወሰነና በታሸገ ሞዞ ነው፤ ሲያልቅ ሙሉው ይለወጣል፤ የሚጠብቅም የሚላላም ነገር የለውም። በዚህ ላይ የሠለጠነ ወጣት ሾጣጣ ኩሽኔታ ሲሰጡት እስኪቆም ድረስ ማጥበቅ ይመስለዋል። አሮጌዎቹ የጭነት መኪኖችና ተሳቢዎች ግን ገና ከሐረጎ አልወረዱም። አሁን በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ ጭነቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ዕውቀቱ የሚያስፈልገው መኪና እያለ ዕውቀቱ ያላቸው ሰዎች የሚያልቁበት ዘመን ላይ ደርሰናል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በከተሞቻችን ዳገት ባለበት ሰፈር ሁሉ የነበረውን የኩሽኔታ ጋሪ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ከጋራዥ የተጣለ አሮጌ ኩሽኔታ፣ ሁለት ጣውላ፣ አንድ ገመድ። እውነተኛውን የአገራችንን አምሳያ መኪና ካላችሁኝ እርሱ ነው። ግራሶ አልነበረውም፤ ልክም አልነበረውም፤ ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል። ሆኖም ብዙ ልጅ ብይና ሮለር ምን እንደ ሆነ፣ የላላ ቀለበት እንዴት እንደሚወላውል፣ አሸዋ የገባበት እንዴት እንደሚያንቃቃ የተማረው ከዚያ ነው። ከተሰበረው ኩሽኔታ የወጣው ብረት ብይ ደግሞ በብይ ጨዋታ ከመስታወቱ ይልቅ ይፈለግ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄ ከመሄዳችን በፊት፣ ከፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ የቮልስዋገን የፊት ዘንግ ከነሞዞው ተቀምጧል። አጠገቡ መፍቻ፣ ካቻቢቴና ባለ ስፕሪንግ ሚዛን አለ። ተማሪዎች እየመጣችሁ ልኩን አስይዙ፤ ከዚያ ባለሙያዎቻችን በእጃቸው ያዩላችኋል፤ በመጨረሻም በሚዛኑ እንመዝነዋለን። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፤ ይህ የግራ ጎማ ነው። መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ የጎማው መዞር ዳዶውን እንዳይፈታው ጥርሱ በግራ ተሠርቷል፤ ስለዚህ ለማጥበቅ የምታዞሩት ከለመዳችሁት በተቃራኒ ነው።